ደም፣ ኑሮ እና እርሻ፦ የጥምር ዜግነት ክርክር ለዋጫ አርሶ አደር ምን ይዟል?

በካፋ ዞን የጨና ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በዋጫ፣ ከሩቅ አገር የሚላክ ገንዘብ እንግዳ ነገር አይደለም። የቡና ለቀማ ጉልበት ሲፈልግ፣ የትምህርት ዘመን ሲጀመር ወይም ከቤተሰቡ አንዱ ሲታመም፣ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ የአቅሙን ይልካል። ልጁ ከገንዘቡ ጋር ምኞቱንም ይልካል፤ አንድ ቀን ተመልሶ በአባቱ ግቢ ቤት ሊሠራ፣ ቡና ሊያለማ፣ ወላጆቹን በእርጅናቸው ሊጦር ያስባል። ይህ ምኞት ግን ከአንድ የሕግ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። ሰውዬው በኢትዮጵያ ሕግ ፊት ዜጋ ነው፣ የውጭ ሰው ነው ወይስ በሁለቱ መካከል ያለ ሌላ?

ጥያቄው አገር አቀፍ ነው። ኢትዮጵያውያን ኢትዮጵያዊነታቸውን ሳይለቁ የሌላ አገር ዜግነት እንዲይዙ ይፈቀድላቸው የሚለው የጥምር ዜግነት ክርክር በየጊዜው ሲነሣ ቆይቷል። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽንም አጀንዳ ካሰባሰበባቸው ወገኖች መካከል በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ክርክሩ እስካሁን በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞችና በውጭ አገራት በሚኖሩ ወገኖች መካከል የቆየ ሲሆን፣ የአርሶ አደሩ ድምፅ በውስጡ እምብዛም አልተሰማም። ይሁንና ውጤቱ እርሱንም በቀጥታ ሊነካው ይችላል። በኢትዮጵያ ዜግነት ከሚያስገኛቸው መብቶች መካከል ለአርሶ አደሩ ከሁሉ የሚልቀው የመሬት መብት ነውና።

አንድ አባት፣ ሦስት ልጆች

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። በዋጫ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖሩ፣ ቡና፣ እንሰትና ኮረሪማ የሚያለሙ፣ ጥቂት የንብ ቀፎም ያላቸው አንድ አባት ሦስት ልጆች አሏቸው እንበል። የመጀመሪያው ልጅ ከአባቱ ጋር እያረሰ በቀበሌው ይኖራል። ሁለተኛዋ ልጅ በመካከለኛው ምሥራቅ በቤት ሠራተኛነት ተቀጥራ ትሠራለች፤ በእጇ ያለው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ሦስተኛው ልጅ ወደ አሜሪካ ሄዶ ከዓመታት በኋላ የዚያን አገር ዜግነት ወስዷል፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» በሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው።

ሦስቱም የአንድ አባትና የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። በሕግ ፊት ያላቸው ቦታ ግን ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ዜጋ ነው፣ ይመርጣል፣ ያርሳል። ሁለተኛዋ ሙሉ ዜጋ ብትሆንም፣ በ2013 ዓ.ም. 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድ ባለችበት አገር ድምፅ የምትሰጥበት ጣቢያ አልነበረም። ሦስተኛው ከዜግነት መዝገብ ወጥቷል፤ ነገር ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ተቆጥሮ ኢንቨስት ማድረግ ይችላል። ዜጋ የሆነችው እኅት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለመክፈት አቅሙ የላትም፤ ዜጋ ያልሆነው ወንድም ግን ገንዘቡም የሕግ ፈቃዱም አለው። በሌላ በኩል እርሱ ለቀበሌ ምክር ቤት እንኳ ድምፅ መስጠት አይችልም።

ይህ ልዩነት የተፈጠረው ሕጉ ለሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ሦስት የተለያዩ መለኪያዎችን ስለሚጠቀም ነው። ስለ ዜግነት ሲነሣ የትውልድ ሐረግን ይጠይቃል። ስለ ምርጫ ሲነሣ ዜግነትንና የመኖሪያ ቦታን ይጠይቃል። ስለ እርሻ መሬት ሲነሣ ደግሞ በዜግነት ላይ በእርሻ መተዳደርን ይጨምራል። የጥምር ዜግነት ክርክር ብዙ ጊዜ የሚወሳሰበው ሦስቱ በአንድ ቃል ተጠቅልለው ስለሚቀርቡ ነው።

ሕጉ የሚለው

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 እንደደነገገው፣ ወላጆቹ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። አንቀጽ 33 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል፣ በፈቃዱ ግን ዜግነቱን መለወጥ እንደሚችል ያረጋግጣል። ዝርዝሩን የያዘው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። ይህ አዋጅ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ወጥቶ ከ70 ዓመታት በላይ ሲሠራበት የቆየውን የመጀመሪያውን የዜግነት ሕግ ተክቷል።

የክርክሩ እምብርት የሚገኘው በአዋጁ አንቀጽ 20 ነው። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። በውጭ አገር በመወለዱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ሁለት ዜግነት ይዞ ያደገ ልጅም ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ እንደተወው ይቆጠራል። በሌላ በኩል አንቀጽ 22 የመመለሻ መንገድ አስቀምጧል፤ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ መኖር ከጀመረ፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት ከተወና ካመለከተ ዜግነቱን መልሶ ያገኛል።

ዜግነታቸውን ለቀው ከአገራቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ማቆየት ለሚፈልጉ ሰዎች መፍትሔ ሆኖ የመጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ አልያም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማግኘት ይችላል። ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራ ዜግነት የወሰደ ሰው ግን ከዚህ ውጭ ተደርጓል። የመታወቂያው ባለቤት ቪዛ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ማፍራትና እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላል። መምረጥና መመረጥ አይችልም። በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት የፖለቲካ ተቋማት በቋሚነት ሊቀጠርም አይችልም።

ስለ መሬት ሕገ መንግሥቱ የሚናገረው በአንቀጽ 40 ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት የተሰጠው ለኢትዮጵያዊ አርሶ አደር ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ይህን ሲያብራራ፣ ዕድሜው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነና በግብርና ሊተዳደር የሚፈልግ ማንኛውም የአገሪቱ ዜጋ የገጠር መሬት የመጠቀም መብት እንዳለው አስቀምጦ ነበር። ይህን አዋጅ በ2016 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ አርሶ አደሩ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና የሚያስይዝበትን በር ከፍቷል። ለዘመናት ልጆችን ማሳደጊያ ብቻ ሆኖ የኖረው ማሳ በባንክ ዘንድ ዋጋ ሊኖረው ነው ማለት ነው። የመሬቱ ዋጋ በጨመረ ቁጥር «በመሬቱ የመጠቀም መብት ያለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄም ክብደቱ ይጨምራል።

በካርድ የተሰጠ መብት

ቢጫ ካርድ ዜግነትን ሊተካ ይችላል የሚሉ ወገኖች አሉ። ሆኖም በካርዱ የሚሰጠው መብት በተራ ሕግ የተሰጠ በመሆኑ በሕግ ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል። የፋይናንስ ዘርፉ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ዘርፉ ለኢትዮጵያውያን ዜጎች ብቻ የተከለለ ነበርና፣ በኢትዮጵያ ባንኮችና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች አክሲዮን ገዝተው የነበሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ድርሻቸውን እንዲለቁ ተደርገው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ በጸደቁት የባንክና የኢንሹራንስ ማሻሻያ አዋጆች በሩ ዳግም ተከፈተላቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ መብት ተሰጠ፣ ተወሰደ፣ ተመለሰ። ዜጋ የሆነ ሰው በእንዲህ ያለ መወላወል ውስጥ አያልፍም።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የካርዱ የተለየ ጥቅም እየቀነሰ መጥቷል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የባንክ ዘርፉን ለውጭ ባንኮች የሚከፍተውን አዋጅ አጽድቋል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖራቸው የሚፈቅደውን አዋጅ ያጸደቀ ሲሆን፣ ለዚህ የሚጠየቀው ዝቅተኛ የገንዘብ መጠን 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነው። ቀድሞ ለዜጎችና ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ብቻ የነበረው መስክ ገንዘብ ላለው የውጭ ሰው ሁሉ እየተከፈተ ነው።

ከዚህ በኋላ ዜጋውን ዜጋ ካልሆነው ሰው የሚለዩት ዋና ዋና ነገሮች እየተመናመኑ ሁለት ወደ መሆን ተቃርበዋል። አንዱ የድምፅ መስጫ ሳጥን ነው፤ ሌላው የገጠር መሬት። የጥምር ዜግነት ጥያቄ ሲነሣ በተግባር የሚጠየቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከባሕር ማዶ ደሴቶች የተገኘ ትምህርት

ዜግነትን በደረጃ የከፋፈለች ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። ትልልቆቹ መንግሥታት ከዋናው ምድራቸው ርቀው በሚያስተዳድሯቸው ደሴቶች የሚኖሩ ሰዎችን በተመለከተ ተመሳሳይ ክርክር ውስጥ ኖረዋል።

በሰላማዊ ውቅያኖስ የምትገኘው የአሜሪካ ሳሞኣ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሥር ናት። በዚያ የሚወለድ ሰው የአሜሪካ ፓስፖርት ይሰጠዋል፤ በፓስፖርቱ ላይ ግን የአሜሪካ ወገን እንጂ የአሜሪካ ዜጋ እንዳልሆነ ተጽፎበታል። ወደ ዋናው አሜሪካ ሄዶ ሲኖር ዜግነት እስኪያመለክትና እስኪያገኝ ድረስ በፕሬዚዳንት ምርጫ አይሳተፍም። አንዳንድ የሳሞኣ ተወላጆች ይህን በመቃወም ፍርድ ቤት ቢሄዱም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሳይቀበል ቀርቷል።

ለካፋ አንባቢ ትኩረት የሚገባው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከከሳሾቹ በተቃራኒ ቆሞ የተከራከረው የአሜሪካ መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ የአሜሪካ ሳሞኣ የራሱ አስተዳደርም ነበር። የደሴቲቱ መሬት አብዛኛው በዘመድ አዝማድ በጋራ የሚያዝ ሲሆን፣ የሚያስተዳድሩት የቤተሰብ አለቆች ናቸው፤ ለሳሞኣ ተወላጅ ላልሆነ ሰው እንዳይተላለፍም ሕግ ይከለክላል። አስተዳደሩ የሰጋው፣ ሙሉ ዜግነት ከነሙሉ ሕገ መንግሥታዊ እኩልነቱ ቢመጣ ይህ የመሬት ጥበቃ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል ብሎ ነው። በአንድ ወገን የእኩልነት ጥያቄ፣ በሌላው የመሬት ዋስትና ቆመዋል። ሁለቱም እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ዋጋ አያሳጣውም።

ብሪታንያ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለአብዛኞቹ የባሕር ማዶ ግዛቶቿ ነዋሪዎች ሙሉ የብሪታንያ ዜግነት ሰጥታለች። ነገር ግን በበርካታ ደሴቶች ዜግነቱ ብቻውን የአካባቢውን መሬትና ምርጫ አይከፍትም፤ ደሴቶቹ «የቦታው ሰው» የሚያሰኝ የራሳቸው መለያ አላቸው። ለምሳሌ በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ይህ መለያ የሌለው ሰው መሬት ለመያዝ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ዜግነት ለአገር፣ መሬት ለነዋሪ በሚል የተለየ አሠራር ነው።

በፈረንሳይ ሥር ያለችው ኒው ካሌዶኒያ ደግሞ የጥንቃቄ ምሳሌ ናት። በዚያ ለአካባቢው ምክር ቤቶች የሚመርጠው ሰው ማን ይሁን የሚለው ጉዳይ በ1998 እ.ኤ.አ. በተደረገ ስምምነት ተወስኖ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የፈረንሳይ ምክር ቤት 10 ዓመት የኖሩ ሰዎች በመራጭነት እንዲመዘገቡ የሚያደርግ ማሻሻያ ሲያሳልፍ፣ በምድራቸው አናሳ እንሆናለን ብለው የሰጉት የካናክ ተወላጆች ተቃውሞ ወደ ሁከት አምርቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። ማሻሻያውም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ቀድሞ የተደረሰበት ስምምነት በአብላጫ ድምፅ ብቻ ሲለወጥ፣ ውሳኔው ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ሰላም ሊያመጣ እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ሲመጣ ደግሞ ኬንያና ሕንድ ሁለት መንገዶችን ያሳያሉ። ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነትን ፈቅዳለች። ሆኖም ሁለት ዜግነት የያዘ ሰው ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ከፍተኛ የመንግሥት ሹመት እንዳይዝ ከልክላለች፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ደግሞ መሬት መያዝ የሚችለው ከ99 ዓመት ባልበለጠ የሊዝ ውል ብቻ ነው። ሕንድ በበኩሏ ጥምር ዜግነትን አትፈቅድም፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትውልደ ሕንዳውያን እንደ ቢጫ ካርድ ያለ መታወቂያ ትሰጣለች። የመታወቂያው ባለቤት ቤት መግዛት ይችላል፤ የእርሻ መሬት፣ የእርሻ ቤትና የተክል ልማት መሬት ግን መግዛት አይችልም። ሕንድ የገበሬዋን ማሳ ከክርክሩ በፊት ለይታ አስቀምጣለች።

የካፋ ትዝታ

የዜግነት ስም ያለ መሬት ምን ማለት እንደሆነ የካፋ ታላላቆች ከማንም በላይ ያውቃሉ። የካፋ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. መካከል በራስ ወልደ ጊዮርጊስ በተመራው ጦር ከተሸነፉ በኋላ፣ የአገሩ ሕዝብ በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ። የ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ሲወጣ የካፋ ሰው እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሕጉ ውስጥ ተካትቷል። ነገር ግን በሚያርሰው መሬት ላይ ባለመብት አልነበረም፤ ግብርና አገልግሎት ይሰጥ ነበር እንጂ። ይህ የተለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። የካፋ አርሶ አደር በወረቀት ላይ ከነበረው ዜግነት ወደ ተጨባጩ የተሸጋገረው ከ44 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው ማለት ይቻላል።

በቅርቡም ክልሉ ራሱ የነዋሪነትን ዋጋ የሚያሳይ ውሳኔ አሳልፏል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ በአንድ ክልል ለመደራጀት ወሰኑ፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም በኅዳር 2014 ዓ.ም. በይፋ ተመሠረተ። በምርጫ ሕጉ መሠረት ድምፅ የሚሰጠው በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚኖር የካፋ ተወላጅ በዋጫ ድምፅ ሊሰጥ አይችልም፤ ከሌላ አካባቢ መጥቶ በዋጫ የሚኖር፣ ከጎረቤቱ ጋር እያረሰና እየነገደ ያለ ኢትዮጵያዊ ግን ይችላል። የውሳኔው ውጤት የሚነካው እዚያው የሚኖረውን ሰው ነውና፣ ሕጉ የመረጠው መለኪያ ምክንያት አለው።

ግልጽ ያልሆነ ሕግ ያስከፈለው ዋጋ

የዜግነት ሕግ አሻሚ ሲሆን ምን እንደሚከተል ኢትዮጵያ ራሷ አይታለች። በ1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ በኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩ የኤርትራ ተወላጆችም ተመዝግበው ድምፅ ሰጥተዋል። በወቅቱ ይህ ምዝገባ በኢትዮጵያዊ ዜግነታቸው ላይ የሚያስከትለው ነገር በግልጽ አልተነገራቸውም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ግን ምዝገባው ዜግነት እንደ መለወጥ ተቆጥሮ፣ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኤርትራ ተባረሩ። ሁለቱ መንግሥታት በአልጀርሱ ስምምነት ያቋቋሙት የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ እነዚህ ሰዎች የሁለቱንም አገሮች ዜግነት ይዘው እንደነበር ገልጾ፣ የአንዳንዶቹን ዜግነት መገፈፍ ያለ አግባብ የተፈጸመ መሆኑን አረጋግጧል። ኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. ባወጣችው መመሪያ በአገር ውስጥ ለቀሩት የመኖሪያ መብትንና ዜግነትን መልሰው የሚያገኙበትን መንገድ አበጀች።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ለሁሉም ነው። አንድ ሰው አንድን ቅጽ ሲፈርም፣ አንድ ካርድ ሲቀበል ወይም የሌላ አገር መሐላ ሲፈጽም ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህን ማሳወቅ የመንግሥት ግዴታ ነው።

የሁለቱ ወገኖች ሚዛን

ጥምር ዜግነት ይፈቀድ የሚሉት ወገኖች ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም። በውጭ የሚኖረው ሰው ዜግነት የሚለውጠው ብዙ ጊዜ አገሩን ስለጠላ አይደለም፤ ሥራ ለማግኘት፣ ቤተሰቡን ለማምጣት፣ ከመባረር ስጋት ለመዳን ነው። ቤተሰቡን በገንዘብ ይደግፋል፣ እውቀት ይዞ ይመጣል፣ በአገሩ ጉዳይ ይቆረቆራል። በውጭ የሚወለዱ ልጆች በአካለ መጠናቸው ጫፍ ላይ አንዱን አገር መርጠው ሌላውን እንዲተው ማስገደድም ትስስሩን በአንድ ትውልድ ይቆርጠዋል። ከልጅ ልጆቹ መካከል በቋንቋውም በፓስፖርቱም የእርሱ ያልሆኑ እንዳይኖሩ የሚመኝ አባት በዋጫም አለ።

የሚቃወሙት ወገኖችም ስጋታቸው መሠረት አለው። በሁለት አገር መሐላ የገባ ሰው ሁለቱ ሲጋጩ ከየትኛው ጋር ይቆማል? የውሳኔው መዘዝ የማይደርስበት ሰው ስለሚደርስበት ሰው ድምፅ ሊሰጥ ይገባል? ችግር ሲመጣ አውሮፕላን የሚሳፈርና መሸሻ የሌለው ሰው በፖለቲካ እኩል ኃላፊነት ይሰማቸዋል?

በሁለቱ መካከል ብዙም ያልተነሣው የመሬት ጥያቄ ነው። ጥምር ዜግነት ያለ ምንም ልዩነት ቢፈቀድ፣ ሦስተኛው ልጅ ሙሉ ዜጋ ሆኖ ይመለሳል። ሙሉ ዜጋ ከሆነ ደግሞ በሕጉ ፊት ከወንድሙ ጋር እኩል ነው፤ አንዱ ግን በብር፣ ሌላው በዶላር ያስባል። የመጠቀም መብት በሚከራይበትና በብድር ዋስትና በሚያዝበት ዘመን ይህ ልዩነት በማሳው ላይ መታየቱ አይቀርም። በካፋ ለቡና ልማት ለባለሀብቶች የሚሰጥ መሬት በጫካው ውጤት በሚኖሩ አርሶ አደሮች ዘንድ ጥያቄ ሲያስነሣ ኖሯል። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ የጫካ ቡናውን ከነነዋሪው እንዲጠብቅ የታሰበ ነው፤ በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁት ማኅበራትም አባልነታቸው የተመሠረተው በአካባቢው በመኖርና ደኑን በመጠበቅ ላይ ነው። እዚህ ላይ መለኪያው የትውልድ ሐረግ ብቻ ቢሆን፣ በየዓመቱ ጫካውን የሚጠብቀው ሰው ከሩቅ ከሚመጣው ዘመዱ ጋር በእኩል ሊሰለፍ ነው።

ተቃራኒው ስጋትም አለ። መሬቱ በእርሻ ለሚኖር ነዋሪ ብቻ ይሁን ሲባል፣ ለጥቂት ዓመታት ሠርታ ለመመለስ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሄደችው እኅት በመቅረቷ ብቻ ድርሻዋን እንዳታጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እርሷ ዜግነቷን አልለወጠችም፤ የላከችውም ገንዘብ ማሳውን አቆይቶት ይሆናል። በውጭ ያሉ ዜጎች ሲባል የመጀመሪያዋ ተጠቃሽ እርሷ ልትሆን ሲገባ፣ በክርክሩ ውስጥ ግን ስሟ ብዙም አይነሣም። ጥምር ዜግነት ቢፈቀድ እርሷን በቀጥታ አይጠቅማትም፤ የሠራችበት አገር ዜግነት አይሰጣትምና። ለእርሷ የሚጠቅማት ያላትን ዜግነት ባለችበት ሆና የምትሠራበት መንገድ፣ ለምሳሌ በኤምባሲ ድምፅ መስጠት መቻልና በሌለችበት የይዞታ መብቷ መጠበቁ ነው።

ተለያይተው ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወጣው መደምደሚያ፣ «ጥምር ዜግነት ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ?» የሚለው አንድ ጥያቄ በሦስት ተከፍሎ መቅረብ ያለበት መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው የስምና የፓስፖርት ጥያቄ ነው። ሰውዬው ኢትዮጵያዊ ተብሎ መጠራቱን፣ ያለ ቪዛ መግባት መውጣቱንና ልጆቹም ይህን መውረሳቸውን ይመለከታል። ይህ ቢፈቀድ ማንንም ከማሳው አያነሣም፤ ለቤተሰብ የሚሰጠው እፎይታ ግን ትልቅ ነው።

ሁለተኛው የድምፅ ጥያቄ ነው። አሁን ያለው ሕግ በኑሮ ይለካል። ይህ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ተገቢ ሊሆን ቢችልም፣ በውጭ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ዜጎች ቢያንስ በአገር አቀፍ ምርጫ የሚሳተፉበት መንገድ ይከፈት ወይ የሚለው ከጥምር ዜግነት በፊት መልስ የሚሻ ጉዳይ ነው። ቀድሞ ዜጋ የሆነው ሰው ሳይመርጥ ዜግነቱን የለወጠው እንዲመርጥ መከራከር ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል።

ሦስተኛው የገጠር መሬት ጥያቄ ነው። ጥምር ዜግነት በየትኛውም መልኩ ቢፈቀድ፣ የእርሻ መሬት የመጠቀም መብት በእርሻ ከመተዳደርና በቦታው ከመኖር ጋር እንደተሳሰረ እንዲቆይ በሕጉ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ተመልሶ ማረስ የሚፈልገውን አይከለክልም፤ መሬቱን ከሩቅ ሆኖ ሊሰበስብ የሚያስበውን ብቻ ይገድባል። የውርስ ጉዳይም በዚሁ ሊታይ የሚገባው ነው፤ አባት ሲሞቱ በመንደር ያለውና በውጭ ያለው ልጅ በፍርድ ቤት ከመገናኘታቸው በፊት ሕጉ ማን ምን እንደሚወርስ ሊነግራቸው ይገባል።

አገራዊ ምክክሩ የሚያስገኘው ውጤት ምንም ይሁን፣ ጉዳዩ ወደ ሕግ ማሻሻያ ሲያመራ ረቂቁ በቀበሌና በወረዳ ደረጃ ለውይይት መቅረብ አለበት። የአሜሪካ ሳሞኣና የኒው ካሌዶኒያ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ስለ ዜግነት በዋና ከተማ የሚወሰነው ውሳኔ መጨረሻው የሚለካው በመሬቱ ላይ ባለው ሰው ነው። እስከዚያው ድረስ በውጭ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ሊያደርጉት የሚገባ ነገር አለ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን አስተካክለው ይያዙ፤ የቤተሰቡ አባላት ማን ምን ዓይነት ዜግነት እንዳለው ይወቁ፤ በውጭ የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ከመሙላቱ በፊትም አንቀጽ 20 ስለ እርሱ የሚለውን ይጠይቁ።

በምሳሌው የተነሡት አባት ሦስቱንም ልጆቻቸውን እኩል ይወዳሉ። ለአንዱ ማሳውን፣ ለአንዷ ተስፋውን፣ ለአንዱ ደግሞ ስሙን ሰጥተዋል። ሕጉ ሦስቱን አንድ ሊያደርጋቸው አይችል ይሆናል። እያንዳንዳቸው ያላቸውንና የሌላቸውን መብት አባትየው በሕይወት ሳሉ እንዲያውቁ ማድረግ ግን ይችላል።